ቡዳ፣ ወርዝልያ፣ አርዌ፦ እነዚህን ፍጥረታት የወለደው የተፈጥሮ ፍርሃት ብቻ ነው?

የእንጦጦ ጭጋግ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለእናንተ ይሁን። በሌላ ክር ላይ አንድ ወንድም «ቡዳ፣ ጭራቅ፣ ዘንዶ የሚባለው ሁሉ የማይም ቅዠት ነው» ብሎ ጨዋታውን ሲዘጋው አልተዋጠልኝም። ቅዠትም ቢሆን ከየት መጣ ተብሎ መጠየቅ አለበት። የእኔ ሐሳብ ይህ ነው፦ ሰው ሊያስቆመው ላልቻለው የተፈጥሮ ኃይል አፍና ጥርስ ያበጅለታል። አፍ ያለውን መለመን፣ መደለል፣ ቢያንስ መርገም ይቻላልና።

ጃፓኖች ምድር ስትናወጥ «ከታች የተኛው ትልቁ ዓሣ ተገላበጠ» ይሉ ነበር። ዓሣው ናማዙ ይባላል፤ ካሺማ በተባለ ቤተ መቅደስ ያለ ድንጋይ ራሱን ተጭኖ ይይዘዋል ብለው ያምኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1855 ኤዶን፣ የዛሬዋን ቶኪዮን፣ የመሬት መንቀጥቀጥ ከመታት በኋላ የዚህ ዓሣ ሥዕል እየታተመ ተቸበቸበ። የኖርዌይ ባሕረኞች መርከብ ጎትቶ ያሰጥማል ያሉት ክራከንም ከግዙፉ ስኩዊድ የመጣ ነው ይባላል። ያ እንስሳ ሳይንሳዊ ስም ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1857 ነው፤ በሕይወት እያለ፣ በገዛ ጥልቅ ባሕሩ ውስጥ ፎቶግራፍ የተነሣው ግን ገና እ.ኤ.አ. በ2004 ነው።

ወደ እኛ ስንመጣ ጅብ አለ። ሌሊት ይወጣል፣ እንደ ሰው ይስቃል፣ አጥንት ይሰባብራል፣ መቃብር ይቆፍራል። የኋላ እግሩ ከፊተኛው ስለሚያጥር ሲራመድ ያነከሰ ይመስላል፤ «ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል» የተባለው በከንቱ አይደለም። በክፉ ቀን፣ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ የከብት መቅሠፍት በሬውን ፈጅቶ ሰው በየመንገዱ ሲወድቅ፣ ጅብ በቀን መንደር እየገባ የሞተውንም ነፍሱ ያልወጣውንም ይበላ እንደነበር ተጽፏል። እንዲህ ያለ ነገር ያየ ሕዝብ «ይህ አውሬ ብቻ አይደለም፣ ከበስተጀርባው ሰው አለበት» ቢል ምን ይገርማል? ለእኔ ቡዳ ማለት ጨለማ ውስጥ የሳቀ ጅብ ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም።

ሌላ ምሳሌ ያላችሁ አምጡ። የምትቃወሙም ኑ።

ተጠራጣሪው ቶማስ

ጭጋግ ወንድሜ፣ አጻጻፍህ ያምራል፤ ሒሳቡ ግን አልተመጣጠነልኝም። ፍርሃት ፍጥረት የሚወልድ ከሆነ፣ ብዙ የገደለን ነገር ትልቁን ጭራቅ ሊወልድ ይገባ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1958 አገራችን ላይ የወረደው የወባ ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150,000 ያህሉን እንደገደለ ይገመታል። በአንድ ዓመት! ጅብ ይህን ያህል ሰው ለመብላት ስንት ዘመን ይፈጅበታል? ታዲያ የወባ ትንኝ በየትኛው ተረታችን ውስጥ ነግሣ ታውቃለች? ተራራ የምታክል ትንኝ፣ ደም በገንቦ የምትጠጣ፣ ሰባት ጀግና ተሰብስቦ የገደላት… የለችም።

ደግሞም ሁሉም ፍጥረት ከፍርሃት አልተወለደም። ኦቴንዮ አቤል የተባለው የኦስትሪያ የቅሪተ አካል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1914 አንድ መላምት አቅርቦ ነበር። በሲሲሊ ዋሻዎች ውስጥ የጥንት ድንክ ዝሆኖች ራስ ቅል ይገኛል፤ የኩምቢው ቀዳዳ ግንባሩ መሐል ላይ እንደ አንድ ትልቅ የዐይን ጉድጓድ ይታያል። ዝሆን አይቶ የማያውቅ ግሪክ ይህን ሲያገኝ «አንድ ዐይና ግዙፍ ሰው ነበረ» ብሎ ይሆናል ነው ነገሩ። መላምት ነው፤ ማረጋገጫ የለውም። ግን እዚያ ውስጥ ያለው ፍርሃት ሳይሆን አጥንት ይዞ «ይህ ምንድን ነው?» የሚል ሰው ነው። ማሰብን ሁሉ ወደ መንቀጥቀጥ አታውርዱብን።

አዋላጇ

ቶማስ፣ እኔ የምጽፈው ስለ ትንኟ ባነሣኸው ነው። ትንኝ ስትነክስ አይታይም፣ ሕመሙም የሚመጣው ከቀናት በኋላ ነው፤ ማን እንዳመጣው ሰው አያገናኘውም። ያ ማለት ግን መልክ የሌለው ሞት መልክ አይሰጠውም ማለት አይደለም።

ገጠር ጤና ጣቢያ ስሠራ አራስ ብቻዋን አትተውም ነበር። ደጅ ስትወጣ ቢላዋ ወይም ሌላ ብረት ትይዛለች። ለምን ብዬ ስጠይቅ «ሕፃኑን እንዳታንቅ» ይሉኛል፤ ማን እንደሆነች በስሟ ሳይጠሩ። አሁን መንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) የያዘው ጨቅላ አስቡ። ጤነኛ ሆኖ ይወለዳል። ሁለት ሦስት ቀን እየጠባ ሁሉም ደስ ብሎት ይሰነብታል። ከዚያ አንድ ቀን ጡት መያዝ ያቅተዋል፤ አፉ ይቆለፋል፣ ፊቱ ይጨማደዳል፣ ጀርባው ይለጠጣል፣ በር በተንኳኳ ቁጥር ይንፈራገጣል። ምክንያቱ እትብቱ በቆሸሸ ምላጭ መቆረጡ ወይም ቁስሉ ላይ አፈርና እበት መደረጉ ነው፤ ተሕዋሱ በዚያ ይገባል። ግን ይህን የማታውቅ እናት አጠገቡ ተቀምጣ ስታይ ምን ትላለች? አንድ ነገር አንገቱን እንደያዘው ነው የምታየው። ዐይኗ አልዋሸም።

በእርግዝና ጊዜ የሚሰጠው ክትባትና ንጹሕ ምላጭ ሲስፋፋ በሽታው እየጠፋ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2017 ኢትዮጵያ ውስጥ የእናቶችና የጨቅላ ሕፃናት መንጋጋ ቆልፍ እንደ ሕዝብ ጤና ችግር መወገዱ ተረጋግጧል። ሕፃን አናቂዋን ወርዝልያን ያባረራት መርፌ ነው ብል እዚህ ያሉ የኔታዎች እንዳይቆጡኝ።

ብራና ወዳድ

አልቆጣም ልጄ። ስሟን ስለጠራሽ ግን ታሪኳን ላስታውሳችሁ፤ የማያውቁ ወጣቶች ይኖራሉና።

በድርሳኑ እንደሚነገረው ወርዝልያ የቅዱስ ሱስንዮስን ሕፃን ገደለችበት። (ሱስንዮስ ያልኩት ሰማዕቱን ነው፤ ንጉሡን አይደለም። ይህን ሁልጊዜ ማስታወስ አለብኝ።) እርሱም ፈረሱን ጭኖ ጦሩን ይዞ ፍለጋ ወጣ፤ አንዲት አሮጊት መንገዱን አመለከተችው፤ ጸልዮ ወጋት። እርስዋም ስሙ ወደሚጠራበት እንዳትደርስ ማለች። በዚህ ምክንያት ልጅ የሚሞትባቸው እናቶች ይህን ታሪክ በብራና ክታብ ያስጽፉ ነበር። ክታቡ የሚለካው በባለቤቱ ቁመት ነው፤ ከራስ እስከ እግር እንዲጠብቅ። በየቤተ መዘክሩ የተቀመጡትን ብትመለከቱ ቅዱሱ በፈረስ ላይ፣ እርስዋ ከሥር ወድቃ ታያላችሁ።

ይህች ፍጥረት የእኛ ብቻ አይደለችም። በመስጴጦምያ ላማሽቱ፣ በአይሁድ ሊሊት፣ በግሪኮች ጌሎ አሉ፤ ሁሉም አራስ ቤት የሚገቡ፣ ሁሉም ሕፃን የሚገድሉ። አዋላጇ የተናገረችው ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ይሆናል፤ የትም አገር እትብት በቆሻሻ ይቆረጥ ነበርና። እኔ ግን አንድ ነገር እጨምራለሁ። ክታቡ በሽታውን ባያድንም እናቲቱ እጆቿን አጣጥፋ እንዳትቀመጥ አድርጓታል። የምታደርገው ነገር ሰጥቷታል። ይህን የሚንቅ ሰው ልጅ ያልሞተበት ነው።

የቶማስን ትንኝ በተመለከተ፦ ትንኟ አልነገሠችም፤ ነገር ግን ሰው ቆላ ወንዝ ዳር እንዳያመሽ፣ በቀትር ዛፍ ሥር እንዳይተኛ የሚከለክል ስንት ጋኔን እንዳለን ቁጠር። በመዝሙረ ዳዊት 90ኛው ላይ ራሱ የቀትር ጋኔን ተጠቅሷል። ፀሐይ አናት ላይ ቆማ መንገደኛ ራሱን ሲስት ያዩ ሰዎች ናቸው ስም ያወጡለት። መጽሐፈ ሄኖክንም ተመልከቱ፤ ሙሉው የተረፈው በግእዝ ብቻ ነው። በ60ኛው ምዕራፍ ሁለት አራዊት ይለያያሉ፤ ሌዋታን የተባለችው እንስቷ ወደ ባሕር ጥልቅ፣ ብሔሞት የተባለው ወንዱ ወደ ምድረ በዳ። ባሕርና በረሃ፣ ሰው ሊያርሳቸው የማይችሉት ሁለቱ ቦታዎች ናቸው።

በአርዌ ላይ ግን ከጭጋግ ጋር አልስማማም። አርዌ በትውፊቱ ከአክሱም ነገሥታት በፊት 400 ዓመት የገዛ ዘንዶ ነው። ሕዝቡ ከብትና ልጃገረድ ይገብርለት ነበር። አንጋቦ መርዝ የበላች ፍየል አቅርቦ ገደለውና በቦታው ነገሠ፤ የንግሥተ ሳባ አባት ነው የሚሉም አሉ። በቆላው ዘንዶ መኖሩ እውነት ነው፤ ፍየል ይውጣል። ነገር ግን በየጊዜው ቀጥሮ ግብር የሚያስገባ እባብ የት አገር ታየ? ይህ የዱር ፍርሃት አይደለም። አዲሱ ንጉሥ «ከእኔ በፊት የነበረው እባብ ነበር» ሲል ነው።

ጀጎል

የኔታ፣ በመጨረሻው አንቀጽዎ ሳቅሁ። ከእኔ በፊት የነበረው እባብ ነበር ያላለ ገዢ መቼ አየን።

አሁን ወደ ጅባችን። ጭጋግ፣ አንተ የምታወራው ስለ ሰሜኑ ጅብ ነው፤ ሐረር መጥተህ ይህን ብትናገር ሰዎች ግራ ይገባቸዋል። ዓሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያስገነባው የጀጎል ግንብ ላይ ከሰው በሮች ሌላ የጅብ ቀዳዳዎች አሉ። ሌሊት በዚያ ይገቡና በጠባቡ መንገድ ሲዞሩ ያድራሉ። ቆሻሻ ይበላሉ፤ ይህ ማንም የሚያየው ነው። ሰዎቻችን ግን የሚሉት ሌላም ነገር አለ፦ ጅብ ጅኒ ይበላል። ሌሊት ሲጮህ ሰምተህ «አንዱን ያዘው» ይባላል። ከሰው ላይ ክፉ መንፈስ የሚያነሣ አውሬ ነው እንጂ የሚጭን አይደለም።

በዓሹራ ዕለት ቅቤ የፈሰሰበት ገንፎ ይቀርብላቸዋል። መሪያቸው ቀምሶ በደንብ ከበላ ዓመቱ መልካም ነው ይባላል፤ እምቢ ካለ ሽማግሌዎች ፊታቸው ይጠቁራል። ለዚህ የሚነገረው አፈ ታሪክ የረሃብ ዘመን ነው። ጅቦች ሰው መብላት ሲጀምሩ አባቶች መክረው ገንፎ አበሏቸው፣ ስምምነትም ሆነ ይባላል። ቱሪስት የሚያየው የማታው ሥጋ ማብላት ከዚህ በኋላ፣ ባለፈው ምእተ ዓመት የመጣ ነው።

ልብ በሉ፤ ያው ጅብ ነው፣ ያው ሳቅ፣ ያው ጥርስ፣ ረሃቡም ያው። በአንዱ ቦታ ሰው በላ ቡዳ ወጣው፣ በሌላው ጅኒ በላ ጎረቤት። እንግዲህ ፍርሃት ብቻውን ምን ያስረዳናል?

ተጠራጣሪው ቶማስ

ጀጎል ነገሩን ዘጋው። መነሻው አንድ ሆኖ ውጤቱ ከተለያየ፣ ምክንያቱ መነሻው አይደለም።

የቀበሮ ዱካ

አልተዘጋም። መቐለ የዱር እንስሳት ትምህርት የተማርኩ ነኝ፤ ከጅቡ በኩል ልናገር፤ እስካሁን ሁሉም ከሰው በኩል ነው የተናገረው።

የእኛ ጅብ ዱር ውስጥ የሚኖር የሩቅ አውሬ አይደለም። በትግራይ ብዙ ቦታ የዱር እንስሳ ስላለቀ ጅብ የሚኖረው በሰው ከብትና በሰው ትርፍራፊ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ፣ የመቐለ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ያሉበት ጥናት ይህን በሚያስደንቅ መንገድ አሳይቷል። የጅብ ኩስ እየሰበሰቡ ውስጡ ያለውን ፀጉር መረመሩ። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ሰው ሥጋ ስለማያርድ ቄራና ደጃፍ ላይ አጥንት ይጠፋል፤ ያን ጊዜ በጅቡ ኩስ ውስጥ የአህያ ፀጉር በእጥፍ ገደማ ጨመረ። ጾሙ ሲፈታ ደግሞ ቀነሰ። ጅቡ የእኛን ባሕረ ሐሳብ ተከትሎ ነው የሚበላው! «አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ» ያለችው አህያ በዐቢይ ጾም ሳትናገረው አልቀረችም።

ይህ ለክሩ ምን ይጠቅማል? የምንፈራው አውሬ ተራራ ላይ ያለው ሳይሆን ከአጥራችን ውጭ ቆሞ የእኛን ቤት የሚያውቀው ነው። አንበሳ ያስፈራል፤ ነገር ግን «አንበሳ የሚሆን ጎረቤት» ብለን ማንንም አናማም። ጅብ ግን ማን እንደታመመ፣ ማን እንደሞተ፣ የት እንደተቀበረ የሚያውቅ ይመስላል። ከጎረቤት ጋር ለመምታታት ቅርብ ነው። ሮማዊው ፕሊኒ በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን ጅብ በእረኞች ማደሪያ ዙሪያ ሆኖ የሰው ስም ያጠናል፣ ከዚያ በስሙ ጠርቶ አውጥቶ ይበላዋል ብሎ ጽፏል። የሰው ድምፅ የሚያስመስል፣ ከጅብና ከአንበሳ የሚወለድ አውሬም በኢትዮጵያ አለ ብሏል። (ለእነርሱ ኢትዮጵያ ማለት ከግብፅ በታች ያለው ሁሉ ነው።) ሌሎች ደግሞ ጅብ አንድ ዓመት ወንድ አንድ ዓመት ሴት ይሆናል ይሉ ነበር፤ አርስጣጣሊስ ሐሰት ነው ብሎ መቃወም እስኪኖርበት ድረስ። የእኛዋ ዥጉርጉር ጅብ ሴቷ ከወንዱ ትገዝፋለች፣ መንጋውን የምትመራውም እርስዋ ናት፣ አካሏም ከወንዱ ለመለየት ያስቸግራል። ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ጀምሮ ሰው ይህን እንስሳ ሲያይ አንድ ነገር ተቀያየረ ብሎ ያስባል።

የጀጎልን ጥያቄ የምመልሰው እንዲህ ነው፦ ፍርሃቱ አንድ ነው፤ የተለያየው ከእርሱ ጋር የገቡት ውል ነው። ሐረሮች ከጅቡ ጋር ተዋዋሉ። ሌላው ደግሞ ጅቡ ሲያስቸግረው ሰው ፈለገ።

በነገራችን ላይ ፈረንሳዮችም ጅብ ጠርተዋል። ጄቮዳን በተባለ ተራራማ አገር እ.ኤ.አ. ከ1764 እስከ 1767 አውሬ መቶ ገደማ ሰው ገደለ፤ አብዛኞቹ ከብት የሚጠብቁ ልጆችና ሴቶች ነበሩ። ንጉሡ አዳኝ ላከ። ተኩላ ነው ለማለት ግን ሰዉ እምቢ አለ፤ ተኩላማ ያውቁታል! ከወሬዎቹ አንዱ ከአፍሪቃ የመጣ ጅብ ነው የሚል ነበር፤ ሌላው ወደ ተኩላ የሚለወጥ ሰው ነው የሚል።

የጣና ማዕበል

ሁላችሁም በሳይንስ ልታስረዱት ትሞክራላችሁ፤ ግን ጭስ ያለ እሳት አይነሣም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ትግራይ የኖረው እንግሊዛዊ ናትናኤል ፒርስ ራሱ ጽፎታል። ጓደኛው ኮፊን የቡዳ ዘር የተባለ አገልጋይ ነበረው። ልጁ አንድ ቀን ፈቃድ ጠይቆ እንደወጣ ሌሎቹ አገልጋዮች «እዩት፣ ጅብ ሊሆን ነው!» ብለው ጮሁ። ኮፊን ቢዞር ልጁ የለም፤ በገላጣው ሜዳ ላይ ትልቅ ጅብ ሲሮጥ አየ። ልጁ በማግስቱ ተመለሰ። ጆሮዋቸው ላይ የወርቅ ጉትቻ ያለባቸው ጅቦች እንደታዩም ጽፏል። ፈረንጁ ምን ይጠቀማል ብሎ ይዋሻል?

የቀበሮ ዱካ

ወንድሜ፣ ዋሸ አላልኩም። አንድ ልጅ ከዐይን ተሰወረ፣ አንድ ጅብ ታየ። ሁለቱን ያገናኘው ኮፊን ሳይሆን ከጎኑ የቆሙት አገልጋዮች ናቸው፤ እነርሱ ደግሞ ጅቡን ከማየታቸው በፊት ምን እንደሚያዩ ወስነው ጮኸዋል። ገላጣ ሜዳም ቦይ ይኖረዋል፤ ጅብ በቀን ተደናግጦ ሲሮጥ ማየትም ብርቅ አይደለም። በማግስቱ ልጁን ማንም «የት ነበርህ?» ብሎ ጠይቆ መልሱን አልጻፈም። ያንን መልስ ባገኝ ከጉትቻው ይልቅ ደስ ይለኝ ነበር።

የወለቃ ልጅ

ከእስራኤል ነው የምጽፈው፤ ክሩን ሁለት ጊዜ አንብቤ ዝም ለማለት ሞክሬ ነበር።

ወላጆቼ በ1983 ዓ.ም. ነው የገቡት። አያቴ ጎንደር አጠገብ ወለቃ ሸክላ ትሠራ ነበር፤ ባሏ ብረት ይቀጠቅጥ ነበር። እናንተ ቡዳ ከምን መጣ ትላላችሁ፤ እኔ ማን ላይ አረፈ ብዬ ልጠይቅ። ጅብ በመላው አገር አለ። ቡዳ የተባለው ግን በሬ ጠምዶ የሚያርሰው አልነበረም፤ ርስት የሌለው ነው። ቤተ እስራኤል በ15ኛው ክፍለ ዘመን በዓፄ ይስሐቅ ጊዜ ርስታቸውን እንዳጡ ትውፊቱ ይናገራል። መሬት የሌለው ሰው በእሳትና በጭቃ ይኖራል። እሳትና ጭቃ የያዘው ሰው ደግሞ ሌሊት ሌላ ነገር ይሆናል ተባለ። በየቦታው ያሉ ሙስሊምና ክርስቲያን ቀጥቃጮችም ከዚህ ስም አላመለጡም፤ ስለዚህ የሃይማኖት ጉዳይ ብቻ ነው እንዳትሉኝ።

አዋላጇ እህቴ፣ አራሷ ብረት ይዛ ትወጣለች አልሽ። ብረቱን ማን ሠራው? ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ እትብት የሚቆርጠውን ምላጭ? ቀን መጥቶ ከአያቴ እጅ የገዛው ገበሬ ማታ ልጁ ሆዱን ሲቆርጠው ወደ አያቴ ቤት ነበር የሚመለከተው። የታመመውን ያጥኑታል፣ «ማን በላህ?» ይሉታል፤ እርሱም ሲለፈልፍ የሚጠራው ስም የታወቀ ነው። የጫካ ስም አይጠራም።

ስለዚህ ጭጋግ ሆይ፣ «ቡዳ ማለት ጨለማ ውስጥ የሳቀ ጅብ ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም» ያልከው ለእኛ አልበቃንም። ጅብማ ከእኛም አህያ በልቷል።

የጣና ማዕበል

ማንንም ለመንካት አይደለም፤ የተባለውን ነው የተናገርኩት። ግን ሁሉም ቦታ የሚባል ነገር እንዴት ሐሰት ይሆናል?

አወያይ

ማሳሰቢያ፦ ስለ እምነቱ መወያየት ይቻላል። የትኛውም ማኅበረሰብ «በእርግጥ ነው» የሚል መልእክት ግን ይሰረዛል። አንድ ሰርዣለሁ።

ብራና ወዳድ

አወያዩን ባለ አዋጅ ንጉሥ ቀድመውታል። ዓፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያ የሚሰደብበትን ልማድ በአዋጅ ከልክለዋል። ብረት የሚሠራው ጠይብ፣ ሸማኔው፣ ቆዳ የሚፍቀው፣ ሁሉም በሙያው ስም እየተሰደበ የሠራውን ግን ሁሉም ይለብሰዋል፣ ያርስበታል የሚል መንፈስ ያለው አዋጅ ነው፤ የሚሳደብ እንዲቀጣም አዟል። ንጉሡ የሙያው ጥቅም ገብቷቸው ነበር፤ ጠመንጃና ስልክ የሚያስገቡ ሰው ባለ እጅን የሚያዋርድ አገር ይዘው የት ሊደርሱ?

ለጣና ማዕበል አንድ ጥያቄ አለኝ። በአውሮጳ በብዙ መቶ ዓመታት ውስጥ በሁሉም መንደር ስለ ጠንቋይ ሴቶች ይባል ነበር። በሁሉም መንደር መባሉ ሴቶቹን አቃጠላቸው እንጂ ጠንቋይ አላደረጋቸውም። የሚባል ነገር በሁሉም ቦታ የሚኖረው ለሁሉም ስለሚጠቅም ሊሆን ይችላል። ከቀጥቃጩ ጋር አልጋባም፣ ርስት አላካፍለውም፣ ዕቃውን ግን እፈልጋለሁ ለሚል ሰው ከቡዳ የተሻለ ምክንያት አላውቅለትም።

የወለቃ ልጅ፣ እግዚአብሔር ያክብርሽ፤ አያቶችሽ የሠሩት ማረሻ አገር አብልቷል።

የእንጦጦ ጭጋግ

የወለቃ ልጅ፣ ስላልዘለልሽው አመሰግናለሁ። አሳቤን ግን አልለቅም፤ ላጥብበው። ፍርሃቱ ለፍጥረቱ ገላ ሰጥቶታል፦ ጥርሱን፣ ሳቁን፣ ሌሊቱን። አድራሻ የሰጠው ሌላ ነው። የጃፓኑ ዓሣ አድራሻው ከመሬት በታች ሆነ፤ ማንም ሰው በእርሱ ምክንያት አልተገፋም። በ1855 ከታተሙት ሥዕሎች በአንዳንዶቹ ላይ እንዲያውም ዓሣው ከሀብታም ሆድ ወርቅ እያስተፋ ለአናጢና ለግንበኛ ሲያድል ይታያል፤ የፈረሰውን ከተማ የሚሠሩት እነርሱ ናቸውና። ባለሙያ የተመረቀበት ጭራቅ ነው። እኛ ዘንድ ባለሙያው ራሱ ጭራቅ ተባለ። ይህን ልዩነት የሚያስረዳኝ ሰው እፈልጋለሁ፤ የመሬት ይዞታው ብቻ ይመስላችኋል?

አዋላጇ

ይዞታው አንድ ነገር ነው። ሌላው በሽታው ራሱ ይመስለኛል። የመሬት መንቀጥቀጥ መንደሩን በሙሉ ነው የሚመታው፤ «ለምን እኔን?» የሚል የለም። የሆድ ቁርጠት፣ ትኩሳት፣ የልጅ ሞት ግን አንዱን ቤት መትቶ አጠገቡ ያለውን ይተዋል። ያን ጊዜ እናት ምን እንደገደለው ብቻ ሳይሆን ማን እንደመረጠው ትጠይቃለች። ተሕዋስ አይመርጥም ብለን ስንነግራት ገና መልስ አልሰጠናትም። በሥራዬ ከባዱ ይህ ነው። ወርዝልያ አራስ ሁሉ ላይ ስለምትመጣ ማንም አይታማባትም፤ ቡዳ ግን ዐይኑን የጣለው በአንድ ልጅ ላይ ነው፤ ስለዚህ ዐይኑ የማን ነው ይባላል።

ጀጎል

አዋላጇ የተናገረችውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በእኛም ዘንድ ዐይን የሚባል ነገር አለ፤ ጅቡ ላይ ግን አልተለጠፈም። እንግዲህ ጅብና ዐይን የግድ ተያይዘው የሚሄዱ ነገሮች አይደሉም ማለት ነው፤ አንድ ቦታ ላይ የሰፋቸው አለ።

የወለቃ ልጅ፣ አንድ ጥያቄ፦ በእናንተ ቤት ልጆችን ማታ የምታስፈራሩት በምን ነበር?

የወለቃ ልጅ

በጅብ ነበር፤ እንደ ሁሉም ሰው። አያ ጅቦ ሞኝ ነው፣ ይታለላል፣ እሜቴ ጦጢት ታሾፍበታለች። የእኛ ጅብ ሰው አልነበረም፤ ጅብ ብቻ ነበር። ከእርሱ ሌላ ግን እናቴ የምትነግረኝ አንድ ክልከላ ነበር፦ የጎረቤት ልጅ ሲበላ አትመልከቺ። ምግቡ ላይ ዐይንሽ አርፎ ማታ ልጁ ቢታመም እኛ ዘንድ ነው የሚመጡት። ከታመመው ፊት አቁመው «እንትፍ በይ» ይላሉ። እርስዋ በሰባት ዓመቷ ይህ ደርሶባታል። ዛሬም፣ በዚህ አገር ምግብ ቤት ተቀምጣ፣ የሰው ማዕድ ወዳለበት ፊቷን አታዞርም።

የእንጦጦ ጭጋግ

ስለ ሰላቢ ለማንሣት አስቤ ነበር፤ ቅቤና እህል ከጎተራ ስለሚሰርቀው። ያ ፍርሃት ከጅብ ሳይሆን ከጎዶሎ ዓመት የመጣ ስለሆነ ራሱን የቻለ ክር ነገ እከፍትለታለሁ። የቀበሮ ዱካ፣ ስለ ጾሙና ስለ ጅቡ የተደረገውን ጥናት በሰፊው እዚያ ብታስቀምጥልን። የኔታ፣ ሰላቢን የሚያስር ጸሎት በብራና ላይ አይተው እንደሆነ ይዘው ይምጡ። የወለቃ ልጅ፣ እናትሽ ፈቃደኛ ከሆኑ የሰላቢን ነገር ከእርሳቸው አንደበት ብንሰማ ደስ ይለናል፤ ካልፈለጉ ግን ማንም አይጠይቅሽም።